ካክተሱ አላብብ ላላችሁ... እስቲ ውሃውን ተዉት!

የፍቅሩ፣ የትዳሩ፣ የአማትና የምራቱ ደብዳቤ ለዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆይልኝና ስለ አበባ እንጫወት። «ደግሞ አበባ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» የምትሉ አትጠፉም። ከመርሳ የተላከችልኝን ደብዳቤ መጀመሪያ አንብቡና ከዚያ ትፈርዳላችሁ። ረዘም ስላለች ቀንሼያታለሁ፤ ቃሉ ግን የእናትየዋ ነው።

«...ልጃችን አረብ አገር ከሄደች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስትሄድ በዘይት ጣሳ የተከለቻቸውን አምስት ካክተሶች ለአባቷ አደራ ሰጥታ ነው። "አባዬ፣ ሲያብቡ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ" አለችው። እሱ ጡረታ ላይ ነው፣ ሌላ ሥራም የለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ሳያጠጣቸው ውሎ አያውቅም። ዝናብ እየዘነበ እንኳ ያጠጣል! እንዳይበርዳቸው ብሎ በአጠናና በላስቲክ ትንሽ ቤት ሠራላቸው። ታዲያ እስከ ዛሬ አንድ አበባ አላየንም። ሁለቱ ከሥራቸው በስብሰው ወደቁ። ልጅቷ በኢሞ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ "አበበ ወይ?" ነው የምትለው። እሱም "እንቡጥ ይዟል" ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቡጥ ይዟል! ሁለቱ መሞታቸውን አልነገርናትም። የቀሩት ሦስቱም ከመሄዳቸው በፊት ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እናቴ፣ አብሽሩ! ሦስቱ በሕይወት ካሉ ገና አልመሸም። ጋሼንም አይቆጧቸው። እሳቸው አደራ እየጠበቁ ነው። ችግሩ አደራውን የያዙት እንደ ጎመን ችግኝ መሆኑ ላይ ነው።

በቀን ሁለት ኩባያ ውሃ ካክተስን በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። አንደኛው እናንተም በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። አፈሩ ሳይደርቅ ሲከርም ሥሩ አየር ያጣል፣ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ጠዋት ዘፍ ይላል። ሁለተኛው ጉዳት አይታይም። ውሃ ዓመቱን ሙሉ ያልተቋረጠበት ካክተስ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ጎን ለጎን ይወልዳል እንጂ ማበቡን ችላ ይላል። አብዛኛው የካክተስ ዘር በተፈጥሮው በዓመት ውስጥ የሚያርፍበት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት አለው። እንቡጡን የሚያሰናዳው ያንን እረፍት ሲያገኝ ነው። እረፍቱ ከሌለ አበባም የለም፤ ቢኖርም አንድ ሁለት ብቻ ነው።

ይህን ስል ጋሼ «ውሃ ከልክዬ የልጄን አደራ ላድርቀው ወይ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ወልድያ ውስጥ የሆነውን ላጫውታችሁ።

ወልድያ የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ አሉ። ጦርነቱ ነሐሴ 2013 ከተማዋ ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው በለበሱት ልብስ ወጡ። መጀመሪያ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ደብረ ብርሃን። ወልድያ ታህሣሥ 2014 ነፃ ወጣችና እነሱ ጥር ላይ ተመለሱ። ቤቱ ባዶ ነው፤ የጠበቃቸው ግድግዳና የተሰበረ በር ነው። የወልድያና የመርሳ ሰው ያየው ስለሆነ ዝርዝሩን መናገር አያስፈልገኝም። በረንዳው ላይ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ግን የሴትየዋ ካክተስ እንደተቀመጠ ነው። ማን ምን ያደርግበታል? ከአምስት ወር በላይ ጠብታ ውሃ አላየም። ተሸብሽቦ፣ ተኮራምቶ፣ ቀለሙ ጠፍቶ የደረቀ ቃሪያ መስሏል። ሴትየዋ ልትጥለው አንስታው «እስቲ አንተም የተረፍክ ነህ» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ወዲያው ግን ውሃ አላጠጣችውም፤ ውሃ ራሱ ለሰውም ችግር ነበረና። የካቲት መጨረሻ ላይ ማጠጣት ጀመረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞላ፣ አረንጓዴ ሆነ። ሚያዝያ ላይ አሥራ አንድ አበባ አወጣ! በስድስት ዓመት ዕድሜው በአንድ ዓመት ከሁለት አበባ በላይ አውጥቶ የማያውቅ ተክል ነበር።

ጎረቤት ቡና ይዞ ሊያየው መጣ። አንዱ «ተአምር ነው» አለ፣ ሌላዋ «ምልክት ነው» አለች። እኔ ከማንም እምነት ጋር ጠብ የለኝም። ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የወልድያ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ የሚያጠጣ ሰው ደግሞ አልነበረም። ካክተሱ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከህዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ውሃ ታቆማለች፤ በየዓመቱም ያብብላታል። ጋሼ ይህንን ይስሙልኝ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ግን ጣሳው ላይ ያለው ነገር በእርግጥ ካክተስ መሆኑን እንለይ፤ እኛ አገር እሾህ ያለበትን ሁሉ «ቁልቋል» ብለን ስለምንጠራ ምክሩ ይምታታል። ከወልድያ ዙሪያ ባሉት ተረተሮች ላይ እንደ መቅረዝ እጁን ዘርግቶ የሚቆመው፣ ለአጥርም የምንተክለው ቁልቋል ካክተስ አይደለም። ዘሩ ሌላ ነው፣ መልኩ ብቻ ተመሳሰለ። የካክተስ አገሩ ከአንዲት ዓይነት በስተቀር አሜሪካ ነው፤ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና። እኛ አገር የገባው በሰው እጅ ነው። በትግራይ «በለስ» የሚባለውን ካክተስ በአማርኛ «የባህር ቁልቋል» ማለታችን ለዚህ ነው። እንደ ባህር ዛፍ፣ እንደ ባህር ማሽላ ሁሉ ባህር ተሻግሮ የመጣ ማለት ነው። አባቶቻችን ስም ሲያወጡ የመጣበትን አይረሱም ነበር።

መለያው ቀላል ነው። ካክተስ ላይ እሾሁ የሚበቅለው ከትንሽ የጥጥ ነጥብ ከሚመስል ቦታ ላይ ነው። አበባውም አዲሱ ቅርንጫፍም የሚወጣው ከዚያችው ነጥብ ነው። ቁልቋል ይህ ነጥብ የለውም። ደግሞ ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። በየቤቱ በረንዳ ላይ ቀይ ትንንሽ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታወጣው፣ ግንዷ በሙሉ እሾህ የሆነችው፣ ፈረንጆቹ «የክርስቶስ እሾህ» የሚሏትም የቁልቋል ዘመድ ናት፤ አገሯ ማዳጋስካር ነው። እሷም ወተት አላት።

ይህን ለማወቅ ጉጉት ብዬ አይደለም የማወራው። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ልጆች እየቆረጡ ሲጫወቱበት እናያለን። ከነካችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለረጅም ጊዜ በብዙ ንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። «በቅቤ ይለሰልሳል፣ በእናት ጡት ወተት ይጠፋል» የሚለውን ተዉት።

እሺ፣ የጋሼ የላስቲክ ቤት። ጋሼ የሠሩት «እንዳይበርዳቸው» ብለው ነው። መርሳ ላይ ብርድ! ኧረ ተዉ ጋሼ! አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ለካክተስ ግሪን ሃውስ የሚሠሩት በረዶው እንዳይገድልባቸው ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወልድያ ከባህር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መርሳ ደግሞ ወደ ቆላው ወረድ ትላለች። ሁለቱም ጋ ካክተስን የሚገድል ብርድ የለም። የሚገድለው ዝናብ ነው። የበልጉ አለ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ክረምቱ አለ፤ ወልድያ ላይ አልፎ አልፎ በረዶም ይጨመራል። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ግሪን ሃውስ ጃንጥላ ነው። ከላይ ላስቲክ፣ ከጎን ክፍት።

አራት ጎኑን በላስቲክ ያፈኑት ከሆነ፣ እናቴ፣ ዛሬውኑ ያስቀደዱት። መርሳ ላይ እኩለ ቀን ታፍኖ የዋለ የላስቲክ ቤት ምድጃ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ሌላው ተክል ቀን ቀን የቅጠሉን ቀዳዳ ከፍቶ አየር ሲስብ፣ ካክተስ ቀን ዘግቶ ሌሊት ነው የሚከፍተው። ውሃው በፀሐይ እንዳይተንበት ነው ዘዴው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲልለት በደንብ ይተነፍሳል፤ የሞቀና የታፈነ ሌሊት ግን ያዳክመዋል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ነፋሻ አየር... ይኸው ነው የሚፈልገው። ይህን ደግሞ አገራችን በነፃ ትሰጣለች።

ለአሥር ለአሥራ አምስት ጣሳ የሚሆን ቤት ለመሥራት ብዙ ወጪ የለበትም። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። አራት የባህር ዛፍ አጠና ትተክላላችሁ። የፊቱን ሁለት ከኋላው አንድ ክንድ ያህል አስበልጡት፣ ጣራው ዘንበል ብሎ ዝናቡ ወደ ኋላ እንዲወርድ። ከላስቲኩ ሥር የዶሮ ሽቦ ብትዘረጉ በረዶና የቋጠረ ውሃ ላስቲኩን አይቦድሰውም። ጣራው በየጎኑ ወጣ ብሎ ታዛ ይኑረው፤ አለበለዚያ ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ ከጎን ይገባል። ውስጡ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ ርብራብ ሥሩና ጣሳዎቹን እዚያ ላይ ደርድሩ፤ ዶሮውም ፍየሉም አያገኛቸውም፣ ሲፈስም ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። የጎኑን ክፍት ለመሸፈን ወንፊት ሽቦ ይሻላል። አደራ፣ የወባ አጎበር እንዳታደርጉበት! መርሳ ወባ ያለበት አገር ነው፣ አጎበሩ ለሰው ነው የተሰጠው። ካክተስን ወባ አይዘውም።

ስለ ላስቲኩ አንድ ነገር። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ነጭ ላስቲክ ፀሐይ ሲመታው በወራት ውስጥ ይሰባበራል። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት፣ ፀሐይ እንዲችል ተደርጎ የተሠራው ዓይነት ግን ዓመታት ይቆያል። ከተገኘ እሱን ግዙ። ካልተገኘ ተራውን አድርጋችሁ ከክረምት በፊት በየዓመቱ መቀየር ነው።

አፈሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሀብሩ ሜዳ ጥቁር አፈር ለማሽላና ለጤፍ እሰየው ነው፤ ለካክተስ ጣሳ ግን መርዝ ነው ማለት ይቻላል። ሲርስ ይጣበቃል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ሆኖ ሥሩን ይበጣጥሰዋል። ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። አሸዋው ጭቃው እስኪለቅ ይታጠብ። የተሰበረ ሸክላ ወይም ጡብ በትናንሹ ቀጥቅጣችሁ ብትጨምሩበት ደግሞ የበለጠ ነው። ጣሳውን ከሥሩ በትልቅ ሚስማር ቢያንስ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። እናቴ፣ የእናንተ ጣሳዎች ቀዳዳ እንዳላቸው ዛሬ ገልብጠው ይዩልኝ። ከሌላቸው ሁለቱ የሞቱበት ምክንያት ሌላ መፈለግ አያስፈልገውም።

ሦስቱን አሁኑኑ ከጣሳቸው አውጧቸው። ጋዜጣ አጣጥፋችሁ እንደ መቀነት አድርጋችሁ ያዙት፣ እሾሁ አይወጋችሁም። (ይህቺን ጋዜጣ ብትጠቀሙ አልቀየምም፣ ካነበባችኋት በኋላ!) ሥሩን እዩት። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ የሚልመጠመጥ ከሆነ በንጹህ ቢላዋ ጤነኛው ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጡት፤ ቡናማ ነጥብ ከቀረ ብስባሱ ይቀጥላል። የተቆረጠውን ጥላ ሥር አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሳምንት አድርቁት። ጋሼ እዚህ ላይ ይጨነቃሉ፣ አውቃለሁ። ያለ አፈርና ያለ ውሃ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ የወልድያው እኮ ከአምስት ወር በላይ ቆይቷል። ቁስሉ ሲደርቅ አዲሱ አፈር ላይ አስቀምጡት፣ ውሃ ግን ወዲያው የለም፤ ሌላ አንድ ሳምንት ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጋሼ የሥራ ፕሮግራም ይህ ነው። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ማጠጣት ይጀምራሉ። ሲያጠጡ ጠጥቶ ከሥር እስኪፈስ ያጠጡት፣ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ አይንኩት። መድረቁን ለማወቅ ቀጭን ስንጥር ከሥር ባለው ቀዳዳ አስገብተው ያውጡ፤ አፈር ተጣብቆበት ከወጣ ገና ነው። መርሳ ላይ በግምት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ፣ ወልድያ ላይ ደግሞ ከዚያ ዘግየት ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጠቁር ከላስቲኩ ሥር ያለው አፈር ቶሎ ስለማይደርቅ በሦስት ሳምንት አንዴም ይበዛል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ትንሽ ትንሽ። ጥቅምት ሲያልቅ... በቃ! ኩባያው ይሰቀል! ህዳር፣ ታህሣሥ፣ ጥር እስከ የካቲት አጋማሽ ጭራሽ የለም። በዚህ ጊዜ ቢሸበሸብም፣ ቢያንስም፣ ቢጠቁርም አይደንግጡ። መሸብሸብ ሌላ፣ መበስበስ ሌላ ነው። የበሰበሰው ሲነኩት ይልመጠመጣል፣ የተሸበሸበው ግን ጠንካራ ነው።

ኩባያው በተሰቀለበት ጊዜ ጋሼ ሥራ ፈት እንዳይሆኑ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፣ አሸዋ ይጠቡ፣ ላስቲኩን ያሳድሱ። ማዳበሪያም አደራ። ለእርሻ የተገዛ ዩሪያ ከቤት አይጠፋም፤ «ትንሽ ብበትንለትስ?» ይባላል። ዩሪያ ማሽላን ቅጠል እንደሚያለብሰው ካክተሱንም ውሃ የቋጠረ ወፍራም ያደርገዋል፣ አበባውን ግን ያስረሳዋል። ፍጉ ይበቃዋል።

ሁሉም ካክተስ ቶሎ ያብባል ማለት ደግሞ አይደለም። ይህ የዓይነት ጉዳይ ስለሆነ ጋሼን ከማያልቅ ጥበቃ ያድናቸዋል። ክብ ሆኖ ጎን ለጎን ትንንሽ ልጆች የሚወልደው፣ ኢኪኖፕሲስ የሚባለው፣ ልጁ ተነጥሎ ከተተከለ በሁለት ሦስት ዓመት ያብባል። ትንሽ ሆና እሾኋ ነጭ ፀጉር የሚመስለው ማሚላሪያ ደግሞ አናቷ ላይ እንደ ዘውድ ክብ የሠሩ ሮዝ ወይም ነጭ አበቦች ታወጣለች፣ ከዘርም ብትዘራ ሦስት አራት ዓመት ነው። ባለ ወርቅ እሾሁ ትልቁ ክብ ግን ሐብሐብ ካላከለ በስተቀር አያብብም፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በካውቦይ ፊልም የምታዩት ሳጉዋሮ ደግሞ ከሠላሳ አምስት ዓመቱ በፊት እምብዛም አበባ አያሳይም። እሱን ለልጅ ልጅ ነው የሚተክሉት።

አንድ ዓይነት ካክተስ ከዚህ ሕግ ውጪ ነች። ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ አካሏ ተቀጣጥሎ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ፈረንጆቹ «የገና ካክተስ» የሚሏት። አገሯ የብራዚል ጫካ ስለሆነ ዛፍ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ እርጥበት ውስጥ የኖረች ናት። እሷን እንደ ሌሎቹ ለአራት ወር ካደረቃችኋት ትሞታለች። ከፊል ጥላ ሥር አድርጓት፣ አፈሯ ሲጀምር መድረቅ አጠጧት። እንቡጥ የሚያስይዛት ረጅም ሌሊትና ቀዝቃዛ አየር ነው። እኛ ጋ የበጋውና የክረምቱ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ ዋናው ሥራ የቅዝቃዜው ነው። ስለዚህ ወልድያ ላይ ከመርሳ ይልቅ ይቀናታል። እንቡጥ ከያዘች በኋላ ጣሳውን ወዲያ ወዲህ አታዙሩት፣ እንቡጡን ታራግፈዋለች። የፈረንጁም የእኛም ገና እሷ በምታብብበት ወቅት ላይ መዋሉ ደግሞ ምርቃት ነው።

የእናንተ ሦስቱ በደብዳቤው ላይ «ክብ፣ ሽንትር ሽንትር ያለው፣ ልጅ የሚወልድ» ስላላችሁኝ ኢኪኖፕሲስ ይመስሉኛል። ከሆኑ ለፎቶው ተዘጋጁ! እንቡጡ መጀመሪያ ግራጫ ፀጉር ያለው ትንሽ ኳስ መስሎ ይወጣል። ሰንብቶ ወደ ጎን እንደ መለከት ይረዝማል፣ አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ መከፈት ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሽታ ያለውም አለ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። በቃ፣ አንድ ሌሊት ነው! ቀን ቀን እየጠበቀ «አላበበም» የሚል ሰው ብዙ አለ፤ ተኝቶ እያለ አብቦ ያልፍበታል። መለከቱ ረዝሞ ጫፉ ነጣ ማለት ሲጀምር ልጅቷን ደውሉላት። ሳዑዲ ከሆነች ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ በኢሞ ከእናንተ እኩል ቁጭ ብላ ሲከፈት ታየዋለች።

በነገራችን ላይ ሁለቱ መሞታቸውን አሁኑኑ ንገሯት። ቆይታ ስትሰማ የሚያስከፋት የጣሳው መሞት ሳይሆን «ቤት ውስጥ ሌላስ ምን ደብቀውኛል?» የሚለው ነው። ሰው አገር ያለ ልጅ ይህን ማሰብ ከጀመረ እንቅልፍ የለውም። «ሁለቱ ውሃ በዝቶባቸው ሞቱ፣ ሦስቱን እያሳረፍናቸው ነው» በሏት። ጋሼም ከእንቡጡ ወሬ ይገላገላሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ተባይ ነው፤ ለሀብሩና ለወልድያ ሰው ሁሉ ይመለከታል። እሾሁ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ አቧራ ነው ብላችሁ አትለፉት። በስንጥር ጫን አድርጋችሁ ጨፍልቁት። ቀለም ከሌለው ተራው ነጭ ተባይ ነው። ጥጥ በፋርማሲ አልኮል አርሳችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ካቲካላ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አልኮሉ ያነሰ ነው፤ ለተባዩም ለባለቤቱም ሙቀት ከመስጠት ሌላ ጥቅም የለውም።

ጨፍልቃችሁት እንደ ደም የቀላ ቀለም ከወጣ ግን ነገሩ ከባድ ነው። እሱ ኮችኒል ይባላል፣ የሚኖረው በለስ ላይ ነው። ከሱ የሚወጣው ቀይ ቀለም ለከንፈር ቀለምና ለምግብ ማቅለሚያ ስለሚሸጥ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ትግራይ ውስጥ ለገቢ ተብሎ እንዲራባ ገባ። ከቁጥጥር ወጣና በደቡብ ትግራይ በራያ በኩል ስንት ቤተሰብ በክረምት የሚበላውን፣ ከብቱም በድርቅ የሚተርፍበትን በለስ አደረቀው። ጫጩቱ በነፋስ ይሄዳል፣ በልብስና በከብት ፀጉር ይሄዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ለመትከል ቆርጦ በሚያመጣው የበለስ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከራያም ከትግራይም የበለስ ቅጠል ለችግኝ ይዛችሁ አትምጡ፣ ስጦታም ቢሆን። ፍሬውን ብሉ፣ ቅጠሉን እዚያው ተዉት። ወልድያም ሆነ ሀብሩ ውስጥ ቀይ የሚደማውን ነጭ ጥጥ በበለሳችሁ ላይ ካያችሁ የተያዘውን ቅጠል ሳታራግፉ ቆርጣችሁ እዚያው አቃጥሉት፣ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ በማግሥቱም የወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ንገሩ። የሀብሩ ሰው ስሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለው፤ ናሙናውን በላስቲክ አጥብቃችሁ አስራችሁ ብታሳዩ ያውቁታል። ላስቲኩ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብቻ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።